የባሕር ዓሣ በቤት ውስጥም ይወለዳል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በቅርቡ ቤት ውስጥ ስለሚያዙ እንስሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ የባሕር ዓሣ በአኳሪየም (በመስታወት የዓሣ ገንዳ) ውስጥ ቢኖርም ሊራባ እንደማይችል የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር አንብቤአለሁ። ጽሑፉ በጥቅሉ ጠቃሚ ነበር፤ ይህ ነጥብ ግን ትክክል ስላልሆነ እንድታርሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስሕተቱን በዝምታ ማለፍ ያልፈለግሁት፣ ዓሣው ቤት ውስጥ ሊወለድ አይችልም ብሎ የሚያምን ሰው የሚገዛው ዓሣ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ምክንያት ስለማይኖረው ነው። እኔም ራሴ ለዓመታት ሳልጠይቅ ገዝቻለሁ።

የልጅነቴን ከፊል ጊዜ ያሳለፍኩት ምጽዋ ነው። አባቴ የወደብ ሠራተኛ ስለነበሩ በዕረፍት ቀናቸው ከወደቡ ፊት ለፊት ወዳሉት ደሴቶች በጀልባ ይወስዱን ነበር፤ ውኃው በጠራበት ቦታ ጎንበስ ብለን ስናይ፣ አኔሞን በሚባለው፣ አበባ በሚመስለው የባሕር እንስሳ እጆች መካከል ሁለት ነጭ ቀለበት ያለው ቢጫማ ዓሣ ይወጣል ይገባል። ያ ዓሣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚኖር የክላውንፊሽ ዝርያ መሆኑን ያወቅሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው። ዛሬ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚገኘው ቤቴ፣ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚበቅልበት 300 ሊትር ያህል የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለኝ፤ ከያዝኩትም ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

መጀመሪያ የገዛኋቸው ሦስት ባንጋይ ካርዲናል የሚባሉ ዓሦች ነበሩ። ብርማ ገላ፣ ጥቁር መስመርና በነጭ ነጠብጣብ የተዋበ ክንፍ ያላቸው፣ ረጋ ብለው የሚንሳፈፉ ዓሦች ናቸው። ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ ሞቱብኝ። የሸጠልኝ ሰው ከባሕር የተያዙ መሆናቸውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በኋላ ነገሩን ስከታተል የተረዳሁት አሳዘነኝ። ይህ ዓሣ ከመላው ዓለም በተፈጥሮው የሚገኘው በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ አጠገብ ባሉት የባንጋይ ደሴቶች አካባቢ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 በሳይንስ ከተመዘገበ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚያነሣው አልነበረም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ሲታወቅ ግን ወዲያው ወደ አኳሪየም ገበያ ገባ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየዓመቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ይያዝ እንደነበር ተገምቷል። በ2007 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ በ2016 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ስጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ጋር መደበው።

የሚያስቆጨው ነገር፣ ከባሕር ዓሦች ሁሉ ቤት ውስጥ ለማራባት ከሚቀሉት አንዱ ይኸው ባንጋይ ካርዲናል መሆኑ ነው። ሴቷ የጣለቻቸውን እንቁላሎች ወንዱ በአፉ ይይዛቸዋል፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ የተሟላ ቅርጽ እስኪይዙ ድረስ እዚያው ያቆያቸዋል። ይህ ሁሉ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ አባትየው በዚህ ጊዜ ምግብ አይቀምስም። የአብዛኞቹ የባሕር ዓሦች ጫጩቶች ለሳምንታት በውቅያኖስ ሞገድ ላይ ሲንሳፈፉ፣ የባንጋይ ጫጩት ግን ከአባቱ አፍ ሲወጣ የትልቁ ዓሣ ምስል ሆኖ ነው፤ በዚያው ቀን አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ የሚባል ጥቃቅን የጨው ውኃ እንስሳ መብላት ይችላል። እንግዲህ አንድ ሰው እርስ በርስ የተስማሙ ወንድና ሴት፣ አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ገንዳና በየቀኑ አርቴሚያ የሚያስፈለፍልበት ጠርሙስ ካለው ሊሞክረው ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ አርቴሚያ ብቻውን ሲሰጥ ለጫጩቶቹ አስፈላጊ የሆኑ የስብ ዓይነቶች ይጎድሉታል። በዚህ ምክንያት መብራት በድንገት ሲበራ ወይም ገንዳው ሲነካ ተንቀጥቅጠው የሚሞቱ ጫጩቶች አሉ፤ በእኔም ቤት ደርሷል። አርቴሚያው ለጫጩቶቹ ከመሰጠቱ በፊት በእነዚህ የስብ ዓይነቶች የበለጸገ ምግብ እንዲመገብ ማድረግ ችግሩን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የክላውንፊሽ ሥራ ከዚህ ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ የተለመደ ነው። ማርቲን ሞ የተባሉ የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያ ገና በ1970ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ለገበያ በሚበቃ መጠን አራብተውታል። ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሾች አንድ ላይ ሲያድጉ ጥንድ መሆናቸው አይቀርም፤ ሁሉም ሲወለዱ ወንድ ሆነው፣ ከመካከላቸው የበላይ የሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣልና። የእኔዎቹ በሦስተኛ ዓመታቸው ከአንድ ድንጋይ ግርጌ መጣል ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይጥላሉ። ወንዱ እንቁላሎቹን በክንፉ እያራገበ፣ የሞተውን በአፉ እየለቀመ ይጠብቃል። መጀመሪያ ብርቱካናማ የነበሩት እንቁላሎች እየጠቆሩ ሄደው፣ በስተመጨረሻ ብርማ ዓይኖቻቸው ሲያብለጨልጩ ይታያሉ። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ውስጥ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይቆዩና፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ባሉት ሰዓታት በጨለማ ይፈለፈላሉ። ለዚህም ነው ባለቤቴና እኔ፣ የመፈልፈያው ምሽት ደረሰ ባልን ቁጥር፣ ድንጋዩን ወደ ጫጩቶቹ ገንዳ አዛውረን አየር በቀስታ እየነፋንበት፣ የክፍሉን መብራት አጥፍተን የምንጠብቀው።

ትልቁ ፈተና ከዚያ በኋላ ያሉት ዐሥር ቀናት ናቸው። ከእንቁላል የወጣው እጭ ርዝመቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አርቴሚያ እንኳ ለአፉ ይተልቅበታል። የሚበላው ሮቲፈር የሚባለውን፣ በዓይን እምብዛም የማይታይ የውኃ እንስሳ ነው፤ ሮቲፈሩ ደግሞ በአብዛኛው የሚመገበው አልጌ የተባለውን ጥቃቅን አረንጓዴ የውኃ ተክል መሰል ነገር ነው። ስለዚህ ዓሣ የሚያራባ ሰው ከዓሣው አስቀድሞ አልጌና ሮቲፈር ማራባት ይኖርበታል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ይህን ሳላዘጋጅ እጮቹ ተፈለፈሉብኝ፤ በሦስት ቀን ውስጥ አንድም አልተረፈም። በሁለተኛው ሮቲፈሩ ነበረኝ፤ ነገር ግን የገንዳውን ጎኖች በጥቁር ነገር ባለመሸፈኔ እጮቹ ብርሃን ወደሚያንጸባርቀው መስታወት ተሰብስበው ምግባቸውን ማግኘት አልቻሉም፤ አራት ብቻ ተረፉ። ከዚያ በኋላ ግን ነጭ ቀለበታቸው ሲወጣ የማየት ዕድል አገኘሁ። በመጨረሻው ዙር ስድሳ አካባቢ ዓሦች አድገውልኝ፣ አብዛኞቹን በሰፈራችን ላለ ሱቅ ሰጥቻለሁ።

ይህን ስል ሁሉም ዝርያ በቤት ሊራባ ይችላል ማለቴ አይደለም፤ የጽሑፋችሁ አዘጋጅም ምናልባት ያሰቡት የቀሩትን ይሆናል። ቢጫው ታንግ የሚባለው የባሕር ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ በሰው እጅ የተራባው በ2015 በሃዋይ በሚገኝ የምርምር ተቋም፣ ሰማያዊው ታንግ ደግሞ በ2016 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነው፤ ሁለቱም ከዓመታት ጥረት በኋላ። የእነዚህ ዓሦች እጭ ከክላውንፊሽ እጭ እጅግ ያነሰ በመሆኑ በአንድ ግለሰብ ሳሎን ውስጥ ይሳካል ብዬ ማንንም አላበረታታም። እነዚህን የሚፈልግ ሰው በማራቢያ ጣቢያ የተወለዱትን ፈልጎ ቢገዛ፣ ዋጋቸው ቢበዛም፣ የተሻለ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ መኖሩንም አውቃለሁ። በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ የባሕር ዳርቻዎች ዓሣ በመያዝ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ሁላችንም ከማራቢያ ብቻ ብንገዛ እንጀራቸው ይቋረጣል። በመረብ ተጠንቅቆ የሚይዝ ዓሣ አጥማጅ ለኮራሉ ደኅንነት የሚቆረቆር መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓሣን ለማደንዘዝ ሳያናይድ የሚረጩ ሰዎች ኖረዋል፤ መርዙ የተያዘውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ኮራሉን ጭምር ይገድላል፤ ገዢው ደግሞ በሱቅ መስታወት ውስጥ የሚያየው ዓሣ በየትኛው መንገድ እንደተያዘ የሚለይበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚራባውን ዝርያ፣ በተለይም እንደ ባንጋይ ካርዲናል ጠባብ አገር ያለውን፣ ከባሕር አውጥቶ መግዛት ተገቢ አይደለም። በሌሎቹ ላይ ግን ዓሣ አጥማጁን ከሚጠቅም ንግድ ጋር አልጣላም።

ቤት ውስጥ የተወለዱትን ዓሦች ቦታ ሲጠብብ ወደ ባሕር ወይም ወደ ወንዝ መልቀቅም ፈጽሞ አይገባም። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች የሚኖረው አንበሳ ዓሣ በ1985 ፍሎሪዳ ዳርቻ ታይቶ፣ ዛሬ ካሪቢያንን አጥለቅልቆ የአካባቢውን ትንንሽ ዓሦች እየበላ ነው፤ ወደዚያ የደረሰውም ከአኳሪየም የተለቀቁ ዓሦች ስለነበሩ እንደሆነ ይታመናል።

በማኅበረሰባችን ውስጥ በቤታቸውም ሆነ በንግድ ቤታቸው የጨው ውኃ አኳሪየም የያዙ ሰዎችን አውቃለሁ። ዓሣ ሲገዙ ሻጩን «የት ተወለደ?» ብለው እንዲጠይቁ፣ መልስ ካጡም እንዲተዉት እለምናቸዋለሁ። ማራባት የሚፈልግ አንባቢ ካለ ደግሞ፣ ሮቲፈር የሚጀምርበትን ውኃ ከአልጌው ጋር ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ስላለ ብታገናኙን ደስ ይለኛል። አምስት ወር የሞላቸው ዘጠኝ ባንጋይ ካርዲናሎችም አሉኝ፤ ለሚንከባከባቸው ሰው ጥንድ ጥንድ አድርጌ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ