ጉዳዩ፡ የትንንሽ ልጆችን ርኅራኄ በቤትም በትምህርት ቤትም ስለ መጠበቅ

ሀዋሳ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኬጂ፣ ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ውድ ወላጆች፣

በዚህ ሩብ ዓመት በመገናኛ ደብተር ከላካችኋቸው ማስታወሻዎች ሁለቱ ደጋግመው መጥተዋል። አንደኛው «ልጄ ምሳውን ለጓደኛው ሰጥቶ ባዶ ሆዱን ይመለሳል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሰው ሲያለቅስ አብራ ታለቅሳለች፣ ሆደ ቡቡ ሆነችብኝ» ይላል። ሁለቱም በዚህ ዕድሜ የሚጠበቁ ናቸው። ርኅራኄን ለልጅ ከዜሮ የሚያስተምር የለም፤ ይዞት ይመጣል። የእኛ የትልልቆቹ ሥራ በአብዛኛው አለማበላሸት ነው፤ እሱም ቢሆን የራሱ ዘዴ አለው።

ገና የተወለደ ሕፃን የሌላ ሕፃን ለቅሶ ሲሰማ ያለቅሳል፤ የራሱን ለቅሶ ቀድተው ሲያሰሙት ግን እንደዚያ አይሆንም። ዓመት ሲያልፈው ያዘነውን ሰው ማባበል ይጀምራል፣ ግን እሱን ራሱን በሚያጽናናው ነገር ነው። የጓደኛው እናት እዚያው ቆማ ሳለ የራሱን እናት እጅ ጎትቶ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ አንዲት ተመራማሪ በሕፃናት ፊት ብስኩት ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፣ ብሮኮሊ የተባለውን አትክልት ቀምሳ ደግሞ ደስ አላት፤ ከዚያ «ስጡኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። የ14 ወር ሕፃናት እነሱ የሚወዱትን ብስኩት ሰጧት። የ18 ወሮቹ ብሮኮሊውን። ልጃችሁ ጉልበቱ ለተላጠ ጓደኛው ውሃ ማምጣት ሲገባው የራሱን መጫወቻ መኪና ቢያቀብል አትሳቁበት፤ ያለውን ትልቁን ነገር ነው የሰጠው።

ስለ ሽልማት አንድ ውሳኔ አለን። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን ላይፕዚግ ከተማ 24 የ18 ወር ሕፃናት ፊት አንድ ሰው ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ይወድቅበታል፤ እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት ያቅተዋል። ሌላ ጊዜ እጁ ሞልቶ ቁም ሣጥን መክፈት ይቸግረዋል። ከ24ቱ 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነሥተው ረድተውታል። ከረዱባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች፣ ሰውየው ገና ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ ምንም ሳይጠይቃቸው ነበር። እዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የ20 ወር ሕፃናት በረዱ ቁጥር መጫወቻ ሲሰጣቸው ምን እንደሚሆን አየ። ሽልማት የለመዱት ሽልማቱ ሲቀር ከሌሎቹ ያነሰ ረዱ፤ በቃል የተመሰገኑት ግን አልቀነሱም። ስለዚህ ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ በክፍል ውስጥ ለደግነት ኮከብ አይለጠፍም። ለቤት ሥራ የሚለጠፈው እንዳለ ነው። እናንተም «ለእህትህ ካካፈልክ ጀላቲ እገዛልሃለሁ» የሚለውን ተዉልን። ማመስገን ስትፈልጉ የሆነውን ተናገሩ፦ «ውሃ ስላመጣህለት ማልቀሱን አቆመ»። ይበቃል።

ከጥናቱ የወሰድነው ሌላው ነገር መጠበቅ ነው። ሁለት ልጆች መሀል አንዱ ሲያለቅስ፣ አደጋ ከሌለ በቀር፣ አስር እስክትቆጥሩ ዝም በሉ። ትልቅ ሰው ዘሎ ከገባ ልጁ ነገሩን ለእኛ ይተወዋል።

ልጅ ልጅን ሲገፋ «ይቅርታ በል! በል እንጂ!» ብሎ ጆሮ መቆንጠጥ የሚያስተምረው ቃሉን ቶሎ ብሎ መገላገልን ነው። መምህራኖቻችን እንዲህ ያደርጋሉ። መጀመሪያ የተመታውን ያነሣሉ፤ ገፊውን አይደለም፤ አለዚያ መግፋት ትኩረት ማግኛ ይሆናል። ከዚያ ቁጢጥ ብለው በልጁ ዓይን ልክ ይሆኑና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ የሆነውን ይነግሩታል፦ «ገፋኸው፣ ወደቀ፣ ጉልበቱ ተላጠ፣ አሁን አሞታል። ፊቱን እየው»። ከዚያ «ምን ብናደርግለት ይሻላል?» ይላሉ። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህ ጥያቄ ስለሚሰፋበት ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል፦ ሶፍት ማምጣት ወይስ አጠገቡ መቀመጥ? ደም ካለ ልጅ አይነካም፣ መምህሯን ይጠራል። ይቅርታው ሳይታዘዝ ከመጣ እሰየው። ገፊው ራሱ ተናዶ እያለቀሰ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። መጀመሪያ ይረጋጋ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመለሱበታል።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ልማዳችንን እንጥቀስ። ሕፃኑ ተደናቅፎ ሲወድቅ «ይቺ መሬት ናት? ቆይ እንምታልህ!» ብለን ወለሉን በጥፊ እናጮላለን። ልጁ ማልቀሱን ያቆማል፣ እውነት ነው። ግን ሲያምህ የምትመታው ፈልግ ብለነዋል፤ ኬጂ ሲገባ ደግሞ አጠገቡ የሚያገኘው መሬትን ሳይሆን ጓደኛውን ነው። «እኔን! አመመህ አይደል?» ብሎ ማቀፍ እኩል ያስታግሳል።

ወደ ምሳ ዕቃው እንምጣ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ሲሰጥ ቆጥሮ አይደለም፤ አንዳንዴ ሁሉንም ይሰጣል፣ አንዳንዴ አንድ ጉርሻ ይነፍጋል። ምሳ ዕቃው በተከታታይ ባዶ ከመጣ «ሁለተኛ እንዳትሰጪ» ከማለት በፊት ለማን እንደ ሰጠች በእርጋታ ጠይቁ። ሁልጊዜ ለአንድ ልጅ፣ ሁልጊዜም የሚጣፍጠውን ከሆነ፣ ርኅራኄ ላይሆን ይችላል፤ «ካልሰጠሽኝ ጓደኛሽ አልሆንም» የሚል ድርድር በኬጂም አለ። ያኛው ልጅ ምሳ ሳይዝ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ለክፍሉ መምህርት ብቻ ንገሯት። ከቤተሰቡ ጋር በምስጢር እንነጋገራለን። ሁለተኛ ምሳ ዕቃ ቋጥራችሁ በልጃችሁ እጅ አትላኩ፤ የልጅ ትከሻ ይህን አይሸከምም፣ ተቀባዩም ልጅ ቢሆን ያፍራል።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንቁላል የያዘች ልጅና ቤቷ የሚጾም ሌላ ልጅ፣ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ አብረው ይቀመጣሉ። አታካፍሉ ብለን ማዕዱን መበተን አልፈለግንም። ስለዚህ ወጥና ሥጋ ከምሳ ዕቃ አይወጣም፤ ሙዝ፣ ብርቱካንና የተቀቀለ ድንች ግን መሀል ሣህን ላይ ይቀመጣል፣ የፈለገ ያነሣል። ቆሎና ኦቾሎኒ አትላኩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል፣ ኦቾሎኒ የማይስማማቸውም አሉ። ልጃችሁን የማይስማማው ምግብ ካለ ደብተሩ ላይ ጻፉልን።

አብራ ለምታለቅሰው ልጅ ደግሞ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብዙ አይረዳትም። የሰው ሕመም ከአቅሟ በላይ ሲሆን ልትረዳ ሳይሆን ልትሸሽ ትፈልጋለች፤ ጆሮዋን ትይዛለች ወይም ትስቃለች። በሌላው መውደቅ የሚስቅ ልጅም ብዙ ጊዜ ጨካኝ አይደለም፣ ደንግጦ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ከጩኸቱ ራቅ አድርጓት፣ አብራችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ከዚያ ትንሽ ሥራ ስጧት፦ የወደቀውን ጫማ ማንሣት፣ መምህር መጥራት። እጇ ሥራ ሲያገኝ ለቅሶው ይቀንሳል። እንቅልፍ ያልጠገበና የራበው ልጅ ላይ ይህን ሁሉ አትሞክሩ።

መንገድ ላይ ልጁ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ «ያ ልጅ ለምን ጫማ የለውም?» ሲል እጁን ጎትተን «ካላጠናህ እንደሱ ትሆናለህ» እንላለን። ይህ ዓረፍተ ነገር ርኅራኄን በፍርሃት ይተካል፤ ደግሞም እውነት አይደለም፣ ያ ልጅ ጫማ ያጣው ስላላጠና አይደለም። «ቤተሰቡ የሚገዙበት ገንዘብ ስለሌላቸው ነው» ብላችሁ መልሱ። የምትሰጡት ከሌለ «እግዜር ይስጥህ» ማለት አለ፤ ልጁ የሚያየው ፊታችሁን ነው።

እንስሳትን በተመለከተ ልጆች ለቡችላ ሲሉ የማያውቁትን ውሻ ይጠጋሉ። ውሃና ፍርፋሪ ትልቅ ሰው ባለበት ከሩቅ ያስቀምጡ፣ አይንኩ። ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ስትሄዱም አባ ኮዳ በተባሉት ትልልቅ ወፎች ላይ ድንጋይ የሚወረውረውን ልጅ «ተው» ከማለት ሌላ፣ ዓሣውን እንዴት እንደሚውጡ ቆም ብሎ እንዲያይ አድርጉት።

የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ወላጆች፦ ሰባት ስምንት ዓመት ላይ እኩል ማካፈል ይጠነክራል፣ ከዚያው ጋር ግን ለራስ ቡድን ማድላትም ይመጣል። በቋንቋና በሰፈር ተቧድነው መቀመጥ ስለ ጀመሩ መምህራን በየሁለት ሳምንቱ ቦታ ያቀያይሯቸዋል። «ልጄን ከጓደኛዋ ለያችሁት» ብላችሁ እንዳትቀየሙን።

እስከ መጪው ዓርብ ድረስ በመገናኛ ደብተሩ ላይ የማይስማማ ምግብ ካለ፣ ልጁ ሲያዝን የሚያረጋጋው ምን እንደሆነ (ዕቃ፣ ዘፈን፣ ሰው) እና ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ልጁን የሚያመላልሰው ሞግዚት ወይም ታላቅ ወንድም ከሆነ ይህን ደብዳቤ አንብቡላቸው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር