የቡና አበባ ይረግፋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የግጥም ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ሥራዬ እዚህ ጅማ ዙሪያ ቡና ማድረቅ ነው፤ ጋዜጣውን የምገልጠውም ማስጫው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ ግጥም ላይ ወጣቱ ገጣሚ የሚወዳትን ልጅ ፍቅር «እንደ ቡና አበባ ከቶ የማይረግፍ» ብሎታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስንኝ ማንበብ አቃተኝ።

የቡና አበባ ይረግፋል፤ ያውም በሁለት በሦስት ቀን። በእኛ አካባቢ በየካቲትና በመጋቢት፣ ደረቁን ወቅት ተከትሎ ዝናብ ጣል ሲያደርግ፣ የማናና የጎማ ወረዳዎች ቡና በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። ገና ሳይጠግቡት ጠውልጎ ይወድቃል። ፍሬው ቀልቶ ለለቀማ የሚደርሰው ግን ከ7 እስከ 9 ወር ቆይቶ ነው። ገጣሚው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ስንት ነገር ባገኘበት! ቶሎ የረገፈ፣ አየሁት ያለ ሁሉ «አበቃለት» ያለው፣ በጥቅምት ግን ፍሬው ቀልቶ የታየ ፍቅር። እንዲህ ያለ ንጽጽር ደጁ ቆሞ ሳለ የሌለ አበባ ፈጠረ።

ትምህርት ቤት ተነጻጻሪ ዘይቤ ስንማር «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» የሚሉትን ቃላት ፈልገን ከሥራቸው እናሰምር ነበር። ሁለቱ ነገሮች በምን ይመሳሰላሉ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። ዋናው ጥያቄ እኮ እሱ ነው። «አንገቷ እንደ ብርሌ» ያለው የድሮ ሰው ብርሌውን በእጁ ይዞ፣ ጠጅ ጠጥቶበት፣ የአንገቱን ቅጥነትና ጥራት አይቶ ነው። የተለመደ ንጽጽር ሁሉ ይጣል አልልም። ነገር ግን በአራት ስንኝ ውስጥ ዓይኗን ከኮከብ፣ አንገቷን ከብርሌ፣ ጥርሷን ከወተት፣ ፀጉሯን ከሐር ካመሳሰሉ በኋላ ልጅቷ ራሷ የት ገባች?

ማየት ለሚችል ሰው ንጽጽር ሞልቷል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ በደንብ መድረቁ የሚታወቀው እፍኝ አንስተው ጆሮ ሥር ሲነቀንቁት ነው፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። ቡና ከሚያገላብጡት ሴቶች አንዷ ስለ ዝምተኛ አማቷ ስታወራ «እሳቸው እንደ ጀንፈል ናቸው፤ ካልነቀነቋቸው ድምፅ የላቸውም» አለች። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ማንም ማብራሪያ አልጠየቃትም። ገጣሚ ባልሆንም ቤት ላስመታው ሞከርኩ፦

ዝም ብላ ከረመች እንደ ደረቅ ጀንፈል፣
ሲነኳት ተንኳኳ በውስጧ ያለው ቃል።

ጀንፈል አይቶ ለማያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ይከብዳል ትሉ ይሆናል። «ተንኳኳ» የምትለዋን ያስገባኋት ለእሱ ነው፤ ቡናውን ባያውቅ ድምፁን ይሰማዋል።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የፊደል ግድፈት እንደምታርሙ ሁሉ፣ «እንደ» ያለበት ስንኝ ሲገጥማችሁ «በምን?» ብላችሁ ገጣሚውን ጠይቁልን። የቡና አበባውን ግጥም የጻፈው ልጅ ቤት አመታቱ ያምራል፤ ያቺን አንዷን ስንኝ አስተካክሎ ከላከ ደግማችሁ አውጡለት።

ከአክብሮት ጋር
ቡና አድራቂው አንባቢያችሁ፣ ከጅማ