ካታሊስት ቆርጦ ማውጣት ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ መርዛማ ጭስ የሚያነጻውን ካታሊስት ቆርጦ ማውጣት ማቆማችን ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ነግራችሁኛል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ምንም ሳትሉ ሌላ ጋራዥ ሄዳችኋል፤ እሱ ይበልጥ ተሰምቶኛል። ቀጠሮ ይዛችሁ መጥታችሁ ለተጉላላችሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን አይቀየርም።

ካታሊስቱ ሲወጣ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል ብሎ አምኖ «ጉልበት ነፈግከን» ያለኝ ሰው አለ። ይህን ስሰማ ከፍቶኛል። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከብየዳ ተነስቼ ነው፤ ጭስ ማውጫ በእጄ አጥፌ፣ በእጄ በይጄ ነው ያደግኩት። ከመንገድ ውጭ መንዳትም እወዳለሁ። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የሚያቃስት ሞተር ምን እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ጉልበት ካታሊስቱ ውስጥ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ።

ካታሊስት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳ የተሞላ ሴራሚክ ነው። በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጧል። መርዛማው ጭስ በዚያ ሲያልፍ አብዛኛው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ናይትሮጅን ይለወጣል። ጭሱን ትንሽ እንደሚገታ አልክድም። ጤነኛ ካታሊስት የሚወስደው ጉልበት ግን ጥቂት ነው፤ እሱም የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ ነው። እናንተ ድንጋይ ላይ ስትወጡ ወይም ጭቃ ውስጥ በከባድ ማርሽ ስትጎትቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ3000 የሞተር ዙር በታች ናችሁ። እዚያ ላይ ካታሊስቱን ማውጣት የሚጨምርላችሁ ነገር ከቁም ነገር አይገባም።

ካታሊስቱ ወጥቶ በቦታው የሚገባ ሰፊ ቱቦ ደግሞ ጭራሽ ሊጎዳችሁ ይችላል። ከሲሊንደር የወጣ ጭስ በፍጥነት ሲሮጥ ከኋላው ያለውን ስቦ ያወጣል። ቱቦው ከልክ በላይ ከሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፤ በዝቅተኛ ዙር ያ መሳብ ይደክማል። ድምፁ ያስገመግማል፣ መኪናው የፈጠነ ይመስላል፣ ዳገቱ ሥር ግን ጉልበቱ የለም። ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ይለያል፤ ከቱርቦው በኋላ መንገዱ ሲከፈትለት ደስ ይለዋል። ስለዚህ ቱርቦ ላላቸው መኪኖች ካታሊስቱን ሳንነካ ከሱ በኋላ ያለውን ቱቦና ማርሚታ እየለካን መቀየራችንን አላቆምንም።

ታዲያ «ካወጣሁት በኋላ መኪናዬ ነፍስ ዘራ» የምትሉ አላችሁ። አምናችኋለሁ። ያ ካታሊስት ግን አስቀድሞ የታፈነ ነበር። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላ ወይም ኮይል ሲደክሙ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ሴራሚኩ ይቀልጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል። የጋለ ካታሊስት በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስባሪው መንገዱን ይዘጋል። ቆርጠን ብናወጣላችሁ መኪናው ይነሳል፤ ካንዴላው ግን እንደታመመ ይቀራል። ቤንዚን እየበላ፣ ቀስ በቀስ ሞተሩን እየጎዳ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ «ሠራሁ» ብዬ ገንዘብ ተቀብያለሁ። ይህን ነው መሸከም ያቃተኝ።

አሁን መጀመሪያ እንለካለን። ከካታሊስቱ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትተን በቦታው የግፊት ጌጅ እናስራለን። በ2500 ዙር ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ካለፈ የሆነ ቦታ መታፈን አለ ብለን እንፈልጋለን። ካላለፈ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜም ሌላ ነው። ከ31 ኢንች ጎማ ወደ 35 የቀየረ ሰው የማርሹን ጉልበት ወደ 11 በመቶ ቀንሷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። የቆሸሸ ፊልትሮም አለ። ይህ ሁሉ ጥፋት በካታሊስቱ ይሳበባል።

ለምርመራው ማስከፈላችንም አስቆጥቷችኋል። የዛገ ሴንሰር ሲፈታ ክሩ ይላጣል፤ ያን የምንጠግነው እኛ ነን። የብየዳ ጋዙ፣ ብረቱ፣ የልጆቹ ደሞዝ ሁሉም ጨምሯል። አዲስ ካታሊስት ውድ የሆነውም እኛ ስለጫንንበት አይደለም። ውስጡ ያለው ሮዲየም በ2021 ዋጋው በታሪኩ ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ዛሬም ከወርቅ ጎራ የሚመደብ ብረት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ቆርጦ ማውጣት ለእኛ ቀላሉና ትርፋማው ሥራ ነበር። ትተነው ገቢያችን ቀንሷል።

ሌላም አለ። በብዙ አገሮች ካታሊስት ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሴንሰርም ዝም አይልም፤ የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል። መብራቱ አንዴ በርቶ ከቀረ ሌላ ብልሽት ሲመጣ በምን ታውቃላችሁ? በየበረሃው ብቻችሁን የምትነዱ ሰዎች ናችሁ። ጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታ የለውም። ካታሊስት በሌለው መኪና ሥር ብየዳ ቢላቀቅ ወደ ውስጥ የሚገባው ጭስ በጣም የከፋ ነው። መኪናው ውስጥ ልጆቻችሁ አሉ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ አላችሁ። ሥራ በጠፋበት ጊዜ ወዳጆቻችሁን እየላካችሁ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ፤ አልረሳሁትም። ለዚህ ነው ፊት ለፊት የምጽፍላችሁ። ተቆጡ፣ ተከራከሩኝ፣ ግን ሳታስለኩ አትሂዱ።

እኛም ሆንን ሌላ ጋራዥ ከዚህ በፊት ካታሊስቱን ያወጣንላችሁ፣ መልሳችሁ ማስገጠም ከፈለጋችሁ የእጅ ዋጋ አንጠይቅም፤ የዕቃውን ብቻ ትከፍላላችሁ። አሮጌው ካታሊስት ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ ይዛችሁት ኑ፣ ውስጡ ደህና ከሆነ እሱኑ መልሰን እንበይደዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የጋራዡ ባለቤት