ፊርማ አልገጠመም ተብሎ ድምፅ እንዳይቀር፦ ለኪንግ ካውንቲ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የኪንግ ካውንቲ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፣

በ2025 ኬቲ ዊልሰን ብሩስ ሃረልን አሸንፈው የሲያትል ከንቲባ የሆኑት ወደ 2,000 በሚጠጋ የድምፅ ብልጫ ነው። በዋሽንግተን ስቴት መራጩ የድምፅ ወረቀቱን የሚመልስበት ፖስታ ላይ ይፈርማል፤ ፊርማውም በምዝገባ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። እንዲህ በጠበበ ውድድር ፊርማው አልገጠመም ተብሎ የተለየ እያንዳንዱ ፖስታ ያሳስባል። ከንቲባው የከተማው ቢሆንም ድምፁን የሚሰበስበውና የሚቆጥረው ካውንቲው በመሆኑ ለእርስዎ ጻፍን።

የከንቲባ ምርጫው ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም የለም። መራጩ ማን ምን እንደሚል ለማወቅ የመራጮች መጽሔቱን ማንበብ ወይም ማስነበብ ግድ ይለዋል። ይህን ሁሉ ደክሞ ድምፁ ፖስታው ላይ ባለች አንዲት መስመር ሲቀር ያበሳጫል።

የስቴቱ ኦዲተር በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2020 ምርጫ የጥቁር መራጮች ድምፅ ውድቅ የሆነበት መጠን ከነጮቹ አራት እጥፍ ነበር። ኦዲቱ የአድልዎ ማስረጃ አላገኘም፤ እኛም ፊርማ የሚያመሳክሩትን ሠራተኞች አንከስም። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ፊርማ ለምን እንደሚለያይ ግን እናውቃለን።

ብዙ ሰው ለመራጭነት የሚመዘገበው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ነው። ፋይል ላይ የሚቀመጠውም ያኔ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ በጥድፊያ የጫረው ፊርማ ይሆናል። ፖስታው ላይ ደግሞ እስክሪብቶ ይዞ፣ ተረጋግቶ፣ አሳምሮ ይፈርማል። አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በላቲን ከሆነ ጭራሽ አይገናኙም። በየትኛውም ፊደል መፈረም ይቻላል፤ የሚፈለገው ፋይል ላይ ካለው ጋር መግጠሙ ነው። ይህን የነገረው ስለሌለ ግን «ለአሜሪካ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው» ብሎ አዲስ ፊርማ የሚፈጥር ሞልቷል። ባልና ሚስት ፖስታ ተቀያይረው የሚፈርሙበት ጊዜም አለ። ከሁሉ የከፋው ልጅ ለእናቱ ሲፈርም ነው፤ ውክልና ቢኖረውም አይሠራም። መፈረም የማይችሉ እናት ምልክት አድርገው ሁለት ምስክሮች ቢፈርሙላቸው በቂ ነበር።

ፊርማው ካልገጠመ ደብዳቤና ፎርም ይላካል። መራጩ ፎርሙን ውጤቱ ከሚጸድቅበት ቀን በፊት መመለስ አለበት፤ ይህም ከምርጫው ዕለት በኋላ በኖቬምበር ምርጫ 20 ቀን፣ በኦገስት ማጣሪያ 13 ቀን ብቻ ነው። ኦገስት ደግሞ ቤተሰብ አገር ቤት የሚሄድበት ወቅት ነው። ደብዳቤው የማያነበው ቋንቋ ሲሆንበት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ይጥለዋል። ቢደወልለትም የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም፤ አጭበርባሪው በበዛበት ጊዜ አይፈረድበትም።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የደብዳቤው ፖስታ ላይ ከውጭ በኩል «ድምፅዎ ገና አልተቆጠረም፤ ይህን ፈርመው ይመልሱ» የሚል የአማርኛ መስመር ይታተም፤ ይኸው በስልክ መልእክትም ይላክ። ከኦገስት በፊት የፊርማ ማደሻ ፎርም ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበረሰብ ማእከሉ ይሰራጭ። ፊርማ አመሳካሪዎች ሲሠለጥኑም በግዕዝ ፊደል የተፈረሙ ናሙናዎች ይዩ፤ ፊደሉን የማያውቅ ዓይን የአንድ ሰው ሁለት ፊርማ የሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል።

ሰዓቱም በግልጽ ይጻፍ። የድምፅ መስጫ ሳጥኖቹ የሚዘጉት በምርጫው ዕለት በአሜሪካ አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በፖስታ ቤት የላከ ግን ማኅተሙ በማግስቱ ሊመታበት ይችላል፤ ይህ እንደ ፊርማ በኋላ አይስተካከልም።

ከ2027 ጀምሮ የሲያትል ማጣሪያ ምርጫ ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል ወደ መምረጥ ይሻገራል። አዲሱ ወረቀት በራሱ ብዙ ማስረዳት ይጠይቃልና፣ የፊርማው ጉዳይ ከዚያ በፊት መልክ እንዲይዝ እንጠይቃለን። የአማርኛውን ጽሑፍ ለማረም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሲያትል አማርኛ ተናጋሪ መራጮችን የምናግዝ በጎ ፈቃደኞች