የተደበቀውን ዓሣ ተዉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአንባቢያን ጥያቄ ዓምዳችሁ ላይ አንዲት እናት ያቀረቡትን ጥያቄ አንብቤ ልቤ አላረፈም። ቤታቸው የባሕር ዓሣ ገንዳ አላቸው። አዲስ ዓሣ ሲጨምሩ ነባሩ ዓሣቸው ድንጋይ ሥር ገብቶ ቀረ። ልጆቹ ሞቷል ብለው ያለቅሳሉ። የተሰጣቸው መልስ ደግሞ አጭር ነው፦ ድንጋዩን አንስተው ያውጡት፣ መብላቱንም ያረጋግጡ።

እባካችሁ ይህን መልስ አስተካክሉት። የጨው ውኃ ዓሣ ሳሳድግ ዓመታት ሆነኝ። አዲስ መጤ ፈርቶ ለጥቂት ቀን የተሸሸገ ዓሣ በመሸሸጉ ብቻ ሲሞት አላየሁም። በመረብ ተጎትቶ የወጣ ግን ወዳጅ ቤት ሲሞት አይቻለሁ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ምክንያቱም ምንም አልነበረበትም።

የኮራል ዓሣ፣ ማለትም ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት በሚሠሩት ዓለት መካከል የሚኖረው፣ ያለ ጉድጓዱ አይኖርም። ባሕር ውስጥ እያንዳንዱ ስንጥቅ ባለቤት አለው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ለመብላት ወጣ ይላል፣ ትልቅ ጥላ ሲያልፍ ተመልሶ ይገባል። ገንዳ ውስጥም ልማዱ ያው ነው። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ነባሩ የሚያየው የማያውቀው አካል ግቢው ውስጥ መግባቱን ነው። ይብላው፣ ጉድጓዱን ይንጠቀው፣ ዝም ብሎ ይለፈው አያውቅም። አገር አማን መሆኑን እስኪያረጋግጥ ይሸሸጋል። ጤነኛ ዓሣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሮያል ግራማ የሚባል ዓሣ አለኝ። ከካሪቢያን ባሕር አካባቢ የሚመጣ፣ ከጣት የማይበልጥ፣ ፊቱ ሐምራዊ ኋላው ቢጫ የሆነ ውብ ፍጥረት ነው። ሆዱን ሁልጊዜ ቅርቡ ወዳለው ድንጋይ ያዞራል። ስለዚህ ጣሪያ ባለው ዋሻ ውስጥ ተገልብጦ ነው የሚዋኘው። የማያውቅ ሰው ሊሞት ነው ብሎ ይደነግጣል። የለም፣ ተመችቶታል።

እሱ ባለበት ገንዳ ቢጫ ታንግ የሚባል ዓሣ አስገባሁ። ታንጉ ግራማዬን አልነካውም። ግን ትልቅ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ታንግ ጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ አለው፤ ሲቆጣ ጎኑን አዙሮ ጅራቱን ይወነጭፋል። ግራማው ይህን እንግዳ ገና እንዳየው ዋሻው ውስጥ ገባና ጠፋ።

ድንጋዩን አልነካሁም። መብራቱን ቀነስኩ። ለታንጉ ኖሪ የሚባለውን የደረቀ የባሕር አልጌ በመቆንጠጫ አድርጌ ከዋሻው ራቅ ባለው መስታወት ላይ ሰቀልኩለት። እሱ እዚያ ሲጠመድ የውኃ ማዟዟሪያውን ፓምፕ አጠፋሁ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰካሁና ማይሲስ የምትባለውን ሽሪምፕ መሰል ምግብ ዋሻው አፍ ላይ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ሐምራዊ አፍንጫ ብቅ አለች። አንዷን ማይሲስ ላፍ አድርጋ ተመለሰች። ከዚያ ሌላዋን። ዓሣው ሙሉ አካሉን ለቀናት አላሳየኝም፣ ግን ይበላ ነበር። የሚበላ ዓሣ ደግሞ ጊዜ አለው።

ስለዚህ ለእናትዬዋ የምለው ይህንን ነው። ዓሣው መኖሩን ማወቅ ከፈለጉ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ደብዘዝ ባለ ቀይ ባትሪ ይመልከቱ፤ ቀይ ብርሃን ያን ያህል አያስደነግጣቸውም። ምግብ ዋሻው አፍ ድረስ ያድርሱለት። የተረፈውን ምግብ ያውጡ፣ አለዚያ በስብሶ ውኃውን ያበላሻል። ልጆቹ መስታወቱን እንዳያንኳኩ ይንገሯቸው። ሳምንት ቢወስድም አይደንግጡ። አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩ ዓይነቶችም አሉ። ሃሊኮሬስ የሚባሉት አዲስ ገንዳ ሲገቡ አሸዋው ውስጥ ገብተው ለቀናት ላይታዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው አሸዋውን ሲቆፍር የሚገኘው ያኔ ነው። አይቆፈርም።

በግድ ማውጣት ምን ያደርጋል ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው መጠጊያውን ማሳጣቱ ነው። ጉድጓዱ እንደማያስጥለው የተረዳ ዓሣ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ያን ጊዜ የሚያሳድደው ካለ በቀላሉ ያገኘዋል። ድንጋይ ሲነሣ ሌላው ይናዳል፤ ዓሣ ሥሩ ይደፈጠጣል። የክንፉ እሾህ መረብ ላይ ተጠምዶ ይቀደዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ድንጋጤው ራሱ ነው። ድንጋጤ ሲበዛ የዓሣ ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፤ አድፍጦ የቆየ ጥገኛ ተውሳክ ያኔ ይነሣል።

ይህን ስል መደበቅ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ዓይን ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የማየው የስንጥቡን ክዳን ነው፤ ጉንጩ አጠገብ እየተከፈተ የሚዘጋውን። በእርጋታ ከተነፈሰ ተዉት። ቶሎ ቶሎ የሚያለከልክ ከሆነ፣ አፉን ከፍቶ ካልዘጋ፣ ነገር አለ። ሰውነቱ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያክሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ጥገኛ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የምፈራው አሚሉዲኒየም የሚባለውን ሌላ ጥገኛ ነው። እሱ የያዘው ዓሣ ከብርሃን ይሸሻል፣ ወይም ፓምፑ የሚገፋው ውኃ ላይ ፊቱን ሰጥቶ ይቆማል፣ ቆዳው ላይም ደቃቅ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል። በቀናት ውስጥ ይገድላል። በዚህ ጊዜ መጠበቅ የለም፤ ዓሣው ተለይቶ መታከም አለበት። ሁለቱም አዲስ ከገባ ዓሣ ጋር ሊመጡ ስለሚችሉ ነው እንግዳውን ቢያንስ አራት ሳምንት ሌላ ገንዳ ውስጥ ለይቶ ማቆየት የሚመከረው።

ውኃውንም ለኩ። አዲስ ዓሣ ማለት ተጨማሪ ቆሻሻ ነው፤ ከዚህ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ሌላ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ጨው በኪሎ ውኃ 35 ግራም ገደማ፣ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ነገሩ ያለው በዓሣዎቹ መካከል ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ዓሣ ከመጨመራችሁ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ የኮራል ዓሣዎች ከሁሉ አብልጠው የሚጣሉት ከራሳቸው ዓይነት ጋር መሆኑን ተመልክቷል። በቤት ገንዳም የምናየው ይኸው ነው፤ መልክና ቅርጹ የሚመስለው፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚሻማው ነው ጠላቱ። ፈሪዎቹን አስቀድማችሁ አስገቡ። ጠብ ያለሽ በዳቦ የሆኑትን፣ እንደ ዳምሰል ያሉትን፣ መጨረሻ ላይ። እንግዳው ሲመጣ ውኃ በሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ግልጽ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ገንዳው ውስጥ አንጠልጥሉት። ተያይተው ይለማመዳሉ፤ መናከስ አይችሉም። የድንጋዮቹን አቀማመጥ መቀየር የሚጠቅመውም ያኔ ነው፣ እንግዳው ከመግባቱ በፊት። የግዛቱ ካርታ የተለወጠበት ነባር ዓሣ ራሱ ቤት ፍለጋ ላይ ስለሚሆን ለጠብ ፋታ የለውም። አሳዳጁ ታንግ ከሆነ ከመስታወቱ ውጪ መስታየት ማስደገፍም ይረዳል። ምስሉን ተቀናቃኝ አድርጎ ይቆጥርና ለጊዜውም ቢሆን እንግዳውን ይተወዋል።

ክላውንፊሽ የሚባለው ዓሣ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትሳቱ። ትንሹ ትልቋ ፊት ጎኑን ሰጥቶ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ አልታመመም። እጅ መስጠቱ ነው፣ ተገዝቼልሻለሁ ማለቱ። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሰላም ይሆናል።

ክንፉ የተቀደደ፣ ጅራቱ የተነጨ፣ ከጉድጓዱ በወጣ ቁጥር የሚባረር፣ ምግብ አፉ ድረስ ቢመጣለት እንኳ የማይበላ ዓሣ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ። ያኔም ቢሆን የሚወጣው የተደበቀው አይደለም፤ አሳዳጁ ነው። ለጥቂት ቀን ሌላ ገንዳ ይቆይ። ተጎጂው በሰላም ይብላ፣ ውሎውን ይልመድ። አሳዳጁ ሲመለስ እንግዳ የሚሆነው እሱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሁለቱ አንድ ገንዳ ውስጥ አይኖሩም፤ ለአንዱ ሌላ ቤት ይፈለግለት።

ይህን በሚቀጥለው እትማችሁ ብታወጡልኝ፣ ለእናትዬዋም ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ
አንድ የዘወትር አንባቢ