የጨቅላ ሕፃናት ፎቶና የሚያስፈልገው ዝግጅት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቀድሞ የሕፃን ፎቶ ሲባል ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ በነጭ ልብስ ተጠቅልለው የሚነሡት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአዲስ አበባ ሕፃኑን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ፎቶ ማስነሣት እየተለመደ መጥቷል። በአዋላጅነት የማገለግል ባለሙያ ነኝ፤ ልማዱን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ዝግጅቱ ነው፤ ወላጆች ስለ ልብሱ፣ ስለ ቅርጫቱና ስለ አበባው አክሊል አብዝተው ሲመክሩ እሰማለሁ፣ ክፍሉ በምን እንደሚሞቅና ሕፃኑን ማን እንደሚይዘው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

ፎቶ አንሺዎች እነዚህን ቀናት የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጨቅላ በዚያን ሰሞን እንቅልፉ ከባድ ነው፣ በማኅፀን እንደነበረው እጥፍጥፍ ብሎ ይተኛል። ይሁንና እነዚሁ ቀናት እትብቱ ገና ያልወደቀበት፣ ጡት መጥባቱ ያልጸናበት፣ እናትየውም ስፌቷ ያልዳነበትና ደሟ ያልቆመበት ጊዜ ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮው ለእናትና ለልጅ የሚመች እንጂ እነርሱን የሚያስገድድ መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የድኅረ ወሊድ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል፤ ከፎቶው በፊት ይህ ምርመራ ቢቀድም መልካም ነው። ከፎቶ አንሺው ጋር የሚደረገው ምክክር ደግሞ በእርግዝናው ወራት ቢያልቅ ይሻላል። አባት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ሁሉን ለማድረስ ሲሯሯጥ ያገኘውን ፎቶ ቤት ይይዛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ብርድ ነው። የጨቅላ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ልብሱን ሲያወልቁት ግን ትንሽ ገላው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ማዋለጃ ክፍል እንኳ ከ25 ዲግሪ እንዳይቀዘቅዝ የሚመከረው ለዚህ ነው። በክረምት አንዲት አራስ ልጠይቅ ሄጄ ፎቶ በማንሣት ላይ እያሉ ደረስኩ። ሕፃኑ ራቁቱን ቅርጫት ውስጥ ተኝቷል፣ መብራት ጠፍቶ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ቆሟል፤ ከዘመዶቻቸው አንዷ ከሰል ያቀጣጠለችበትን ማንደጃ ይዛ ገባች፣ መስኮቱም ብርድ እንዳይገባ ተዘጋ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። ማንደጃው እንዲወጣ፣ ክፍሉም እንዲናፈስ አድርገን ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስጠግተን በጋቢ ሸፈንናቸው። ፎቶ አንሺው፣ ምስጋና ይግባውና፣ ቅር ሳይለው እንደዚያው እንዳሉ አነሣቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ አቀማመጥ ነው። ሕፃኑ ክርኖቹን ተክሎ አገጩን በመዳፎቹ የደገፈበትን ፎቶ ብዙ እናቶች በስልካቸው ያሳዩኛል። ይህ በአንድ ጊዜ የተነሣ ፎቶ አይደለም፤ በአንደኛው ፎቶ ረዳቱ የሕፃኑን ጭንቅላት፣ በሁለተኛው የእጁን አንጓ ይዞ ይነሣና ሁለቱ በኮምፒውተር ተዋህደው የያዙት እጆች እንዲጠፉ ይደረጋል። ይህን ሳያውቁ ሕፃኑን ብቻውን እንደዚያ ለማቆም መሞከር አንገቱን ለጉዳት ማጋለጥ ነው። ቅርጫት ውስጥም ቢሆን አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ አየር ያጥረዋል፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው እጁን ሳያርቅ አጠገቡ ይሁን። ከክር የተሠራ ኮፍያና ካልሲ ከማልበስ በፊትም የውስጥ በኩሉ ይታይ፤ የተመዘዘ ክር የእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል።

እንዲተኛ ተብሎ የስኳር ውኃ መስጠት አይገባም፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። ጠግቦ ከጠባ በራሱ ይተኛል፣ ካልተኛም ሥራው ይቁም፤ ጥሩ ፎቶ አንሺ የሚታወቀው በመጠበቁ ነው። ሌላው ደግሞ፣ የቆዳውን ቀለም በኤዲት ማሳመር ከመታሰቡ በፊት ሕፃኑን በቀን ብርሃን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሁለትና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ቢጫ መሆን በብዙ ጨቅላዎች ይታያል፤ ቢጫነቱ መዳፍና የእግር ሥር ከደረሰ ወይም ሕፃኑ መጥባት ከደከመ ግን መንገዱ ወደ ጤና ተቋም ነው።

አያቶች «ዓይን ይበላዋል፣ አራስ ከቤት አትውጣ» ሲሉ ብዙዎቻችን እንስቃለን። ስለ ዓይኑ አልከራከርም፤ ከቤት አለመውጣቱን ግን እደግፋለሁ። ፎቶ አንሺው ወደ አራሷ ቤት ይምጣ፣ ጉንፋን ወይም ሳል ካለው ቀጠሮውን ያራዝም፣ ገብቶም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከመስኮት የሚገባው የጠዋት ብርሃን ለሥራው ይበቃዋል።

በመጨረሻም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ መስፈር ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ሕፃኑ ቢታመም ቀጠሮው ያለ ቅጣት እንደሚዛወር፣ ፎቶውም ያለ ወላጅ ፈቃድ በፎቶ ቤቱ የቴሌግራምም ሆነ የቲክቶክ ገጽ ለማስታወቂያ እንደማይወጣ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፎቶ ቤቶች «ሁሉም ይለጥፋል» ብለው ማለፍ አይችሉም። የፈቃድ ቅጹን እናትየው ገና ምጥ ሳይይዛት፣ ተረጋግታ አንብባ ብትፈርም ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ