ግቢያችን እባብ ሲገባ ለማን እንደውል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ዝናብ በጠነከረ ቁጥር በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በተለይም በሲቀላ በኩል ወደ ኩልፎ ወንዝና ወደ ምንጮቹ ጫካ በተጠጉ ሰፈሮች፣ እባብ ከሰው ግቢ መግባቱ የተለመደ ነው። ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላበት ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል፤ አይጥ የበዛበት ቤት ካጋጠመው ደግሞ እዚያው ይሰነብታል። ከዚያ በኋላ ጩኸትና ዱላ ነው፤ የተገደለው ዘንዶ ከሆነም አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውም የጀግንነት ወሬ ሆኖ በየስልኩ ይዞራል።

የሰውን ፍርሃት አላቃልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰዎች በእባብ ተነድፈው ይሞታሉ። በአገራችንም በመተማና በሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች የሚውሉ የቀን ሠራተኞች ሥጋቱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የመርዙ ማርከሻም በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሥጋት ዱላ ይዞ ከመጠጋት ሊያግደን በተገባ ነበር። መርዝ የሚተፋው ኮብራ ራቅ ብሎ የቆመን ሰው ዓይን ያገኛል፤ እፉኝትም ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ጸጥ ብሎ ስለሚተኛ፣ ያላየው ወይም የሞተ የመሰለው ሰው እስኪደርስበት አይንቀሳቀስም።

ከምንገድላቸው ውስጥ ጨርሶ መርዝ የሌላቸው አሉ። ባለፈው ክረምት ጎረቤቶቼ ከበቆሎ ጆንያ ሥር አውጥተው የቀጠቀጡት ቡናማ እባብ ከአፍንጫው ተነስቶ ዓይኑን የሚያቋርጥ ፈዛዛ መስመር ነበረው፤ ሥራው አይጥ መብላት የሆነ የቤት እባብ ነው። ሲሞት የአይጥ ጅራት ገና ከአፉ አልገባም ነበር። ዘንዶም ቢሆን መርዝ የለውም፤ እርግጥ ፍየልና ውሻ ሊውጥ ስለሚችል ከግቢ መውጣት አለበት። ሴቷ ግን እንቁላሎቿ እስኪፈለፈሉ ድረስ ተጠምጥማባቸው ስለምትቆይ፣ በዚያ ወቅት እሷን መግደል ጫጩቶቹንም ማጥፋት ነው።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያም ሆኖ ሌሊት ማድቤቷ ውስጥ እባብ ያየች እናት ለማን እንደምትደውል አታውቅም፤ ቀበሌ ብትሄድ ዝግ ነው፣ ፖሊስም ይህን የሚሠራበት መሣሪያ የለውም። በሕንድ የኬረላ ግዛት የደን መሥሪያ ቤት ፈቃደኞችን አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ነዋሪውም በስልክ መተግበሪያ በአቅራቢያው ያለውን ሠልጣኝ ይጠራል። እኛ መተግበሪያ እንኳ አያስፈልገንም። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች፣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት መምህራንና የከተማው አስተዳደር ተስማምተው ጥቂት ሰዎች ቢያሠለጥኑ፣ ረጅም ሜንጦ፣ ወፍራም ከረጢት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ክዳን ያለው በርሜል ቢያዘጋጁላቸው፣ አንድ የስልክ ቁጥርም ቢለጥፉ ይበቃል። የአዞ እርባታ ያላት ከተማ እባብ የሚይዝ ሰው ማፍራት አያቅታትም።

ሥልጠና የምለው በምክንያት ነው፤ ለቪዲዮ ሲሉ እባብ አንገቱን አንቀው የሚዞሩ ወጣቶችን እያየን ነው፣ እነሱን አዳኝ ብሎ መጥራት ነገ አንዱን ማስቀበር ነው። የተያዘውም እባብ እጅግ ርቆ መወሰድ የለበትም፤ ውኃውንና መደበቂያውን በማያውቀው አገር የተጣለ እባብ ሲንከራተት የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነውና በቅርብ ካለው ጫካ ቢለቀቅ ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ ጋዜጣዎ የተገደለ ዘንዶ ፎቶ ሲያትም ከሥሩ ይህን ቢያክልበት እጠይቃለሁ፦ ልጆችንና ውሾችን አርቁ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር ክፍት ተዉለት፣ ከሩቅ ሆናችሁ የገባበትን ስፍራ ተከታተሉ፤ የተነደፈ ሰው ካለ ቁስሉን ሳትበጡ፣ ሳታስሩና በአፋችሁ ሳትመጥጡ፣ እግሩን ወይም እጁን ሳያንቀሳቅስ ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢዎ፣ ከአርባ ምንጭ